የሙሽራ ወንበር

ሲና ወልዱ በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ይህን ስነግራችሁ ግን እንዳትስቁባት፤ በረጅም በረራ ላይ፣ በቢዝነስ ክላስ፣ የትኛው ወንበር እንቅልፍ እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚነሳ ከእሷ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ጉለሌን ሙሉ ቢያስሱ አይገኝም። አዲሱ ገበያ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ የትኬት ቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት ተቀምጣለች። ከሄደበት የተመለሰውን መንገደኛ ሁሉ ስታናዝዝ ነው የኖረችው። ኩሽናው አጠገብ መጋረጃው በተከፈተ ቁጥር መብራቱ ዓይን ውስጥ ይገባል ወይ? ከፊተኛው ግድግዳ ሥር የሕፃን አልጋ ይሰቀላል ወይ? የትኛው ወንበር ነው መስኮት አለው ተብሎ ግድግዳ የሚታይበት? የሚነግሯትን ሁሉ በደብተር ትይዛለች።

ከሁሉ የምትኮራው ግን በመሐለኞቹ ወንበሮች ነው። ወደ ሩቅ ምሥራቅ በሚበረው አውሮፕላን መሐል ላይ በየረድፉ ሁለት ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ ረድፍ ጠረጴዛዎቹ ወደ መተላለፊያው ስለሆኑ ሁለቱ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ረድፍ ጠረጴዛዎቹ ወደ ውስጥ ይዞሩና በሁለቱ ሰዎች መካከል ይገባሉ፤ ያኔ የጎረቤትን ፊት ለማየት ተነሥቶ መቆም ግድ ነው። ሲና የመጀመሪያውን «የሙሽራ ወንበር» ትለዋለች፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ያኮረፈ ወንበር»። ኮምፒውተሩ ላይ ሲታዩ ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ተቀምጦበት የተነሣ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ሲና ናት።

መሳይን ያመጣላትም ወንበር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ግንባሩን ቋጥሮ ገባና አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጸዳጃ ቤት በር ሥር አስቀመጣችሁኝ አላት። ቤተሰቡ የሕክምና ዕቃ ከኮሪያ የሚያስመጣ ድርጅት አለው፤ እሱ በየአራት ወሩ ሴኡል ይመላለሳል። ሲና አልተከራከረችውም። ወረቀት አወጣችና የአውሮፕላኑን ሆድ ሣለችለት፤ መተኛት ትወዳለህ ወይስ ማየት፣ ማውራት ትወዳለህ ወይስ ዝምታ እያለች ጠየቀችው። ከሰው ጋር ማውራት አልወድም አላት፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራላት ቆየ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አያት። ያቺን መዞር ሲና እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

ከዚያ ወዲህ ሲሄድ ሁሉ የምትመርጥለት እሷ ሆነች። ሁልጊዜም መስኮት አጠገብ፣ ብቻውን፣ ጠረጴዛው ከመተላለፊያው የሚጋርደው ቦታ ትይዝለታለች። እሱም ለመንገደኛው በሚታደለው የምግብ ዝርዝር ካርድ ጀርባ ላይ ደብዳቤ እየጻፈ ሲመለስ በእጇ ይሰጣታል። አሥራ አንድ ካርድ አላት። በሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሲና፣ ከአጠገቤ ማንም የለም፤ እንዳዘዝሽው። ከታች ደመና ነው። የምትመርጪልኝ ቦታ ሁሉ መልካም ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፣ አንቺ የለሽበትም። ተኝቼ ስነቃ እጄ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን እንጨት ነው።»

ይህን ያነበበች ሴት ምን እንደምትሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን መሳይ የቁስቋም ልጅ ነው፤ ዳገቱ ላይ፣ ጥድ የከበበው ትልቅ ግቢ የእነሱ ነው። ሲና የቀጨኔ ልጅ ናት፤ እናቷ እስከ ዛሬ ድስትና ምድጃ ከሸክላ እየሠራች ትሸጣለች። የእናቷን ድስት የማይገዛ ቤት የለም፤ የእናቷን ልጅ ለልጃችሁ አጩ ሲባሉ ግን ፊታቸው የሚለወጥ ቤቶች ዛሬም አሉ። ባለፈው ዓመት መሳይ ለእናቱ ለወይዘሮ እታለማሁ ነገራቸው። እሳቸውም ልጅቷን አላይም፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ደጄን አትረግጥም አሉ። መሳይ ይህን ሲነግራት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጊዜ ስጪኝ አላት፤ ሰጠችው። ከዓመት በኋላ ደግሞ ድንገት አምስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ስትደውል አያነሣም፣ ስትጽፍ አይመልስም። ሲና ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮዋም፣ እናቷ አጠገብም ብቻዋን ሆነች።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት መጣ። «ሲና፣ ቅዳሜ ወደ ሴኡል እንሄዳለን። ሁለት ሰው ነን። እባክሽ ጎን ለጎን አድርጊን። ስመለስ ሁሉንም አስረዳሻለሁ። በአንቺ እጅ ነን።» ከሥሩ የትኬቱ ቁጥር አለ። ትኬቱን የቆረጠው የመሳይ መሥሪያ ቤት ስለነበር ለእሷ የቀረላት ወንበር መምረጥ ብቻ ነው።

ቁጥሩን አስገባች። አንደኛው መንገደኛ መሳይ ነው። ሁለተኛዋ ሩት ገብረየስ።

ሩት። ሲና ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በስሙ ብቻ ሴትየዋን ከነቁመናዋ አየቻት። ለስላሳ እጅ ያላት፣ ውጭ አገር የተማረች፣ ወይዘሮ እታለማሁ በራሳቸው መኪና ሄደው ያመጧት ልጅ። «ሁለት ሰው ነን» የሚለው ቃል ደግሞ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይጨክናል? የወደዳትን ሴት፣ የሌላዋን ወንበር ምረጪልን ይላታል? በዚያች ደቂቃ ቅናት ብቻ አይደለም የተሰማት፤ ውርደትም ነበር።

ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ የሙሽራው ወንበር ክፍት ነበር። አራተኛው ረድፍ ላይ ያኮረፈውም ክፍት ነበር። ሲና በአሥር ዓመት ሥራዋ አውቃ መጥፎ ወንበር ሰጥታ አታውቅም፤ እጇ ግን አራተኛውን ረድፍ ነካ። ጎን ለጎን አላልክም? ይኸው ጎን ለጎን። ከሰዓት በኋላ አፍናንና ኢምራን የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች፣ ከሠርጋቸው አንድ ወር እንኳ ያልሞላቸው፣ በዚያው በረራ ሊሄዱ መጡ። ሦስተኛውን ረድፍ ለእነሱ ሰጠቻቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ቆማ አየቻቸው።

ማታ የመሳይ መልስ መጣ። «የወንበሮቹ ካርታ ላይ አየሁት። ጎን ለጎን ነን። አንቺ የመረጥሽው ስለሆነ ልቤ አረፈ።» ሲና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ምንም ደስ አላላትም።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት አሮጊት ደረጃውን በዝግታ ወጥተው ገቡ። ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲና ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸውና ውኃ አቀረበችላቸው። ውኃውን ሳይነኩ ፊቷን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ ቅዳሜ ለምትሄደው መንገደኛ፣ ለሩት ገብረየስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አሏት።

ሲና በውስጧ የሙሽራይቱ አያት ናቸው አለች። ድምፅዋን አደላድላ ጠየቀቻቸው።

«ሩት የልጅ ልጅዎ ናት፣ እማማ?»

«ሩት እኔ ነኝ» አሏት አሮጊቷ። «የመሳይ እናት። ሰው የሚያውቀኝ እታለማሁ ብሎ ነው። እሱን ያወጡልኝ አማቴ ናቸው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ቤታቸው ስገባ። ፓስፖርቱ ላይ ግን አባቴ ያወጣልኝ ነው ያለው።»

አያችሁ፣ በእኛ አገር ሴት ባገባች ጊዜ የባሏን አባት ስም አትወስድም፤ አማቷ ያወጣችላት ስም ደግሞ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ሲና ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። የገዛ አያቷም ሁለት ስም ነበራቸው። ቅናት ግን የሚታወቀውን ነገር ሁሉ ያስረሳል። ጠረጴዛውን ይዛ ተቀመጠች።

ወይዘሮ እታለማሁ ቀስ እያሉ ነገሯት። የልባቸው በር፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ ተበላሽቷል፤ ሴኡል ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። መንገዱ ላይ ተኝተው እንዲሄዱ ሐኪሙ ስላዘዘ ነው ፊት የሚቀመጡት። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ባላቸው ዓለምን ሲዞሩ እሳቸው ከግቢያቸው አልወጡም። ፍርሃታቸውን ለልጃቸው መንገር አልፈለጉም፤ እሱ አምስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል፤ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያድር ነበር። ስለዚህ ሳይነግሩት መጡ። መሳይ ሁልጊዜ የሚያወራላቸውን፣ ወንበር የምታውቀዋን ልጅ ለመጠየቅ።

«አንቺ መሆንሽን አውቄ ነው የመጣሁት» አሉ። «የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣም፣ ተኝቼም፣ የልጄን እጅ መያዝ እችላለሁ?»

ሲና ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። በሙሉ ዓይኗ መሐለኞቹን ረድፎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንደኛው ተይዟል፣ አምስተኛው ተይዟል፣ ሰባተኛው ተይዟል። አንዲት የሙሽራ ወንበር አልተረፈችም። አንዲት እናት ልቧ እየደከመ አሥራ ሁለት ሰዓት ከእንጨት ጀርባ ሆና ልጇን ትጣራለች፤ ይህን ያደረገችው ደግሞ ሲና ናት። የቀራት መንገድ አንድ ነው፤ አፍናን ጋ መደወል። አሮጊቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

«አፍናን፣ ሲና ነኝ፣ ከትኬት ቢሮው። ሲስተሙ...» አለችና ቆመች።

ሲስተሙ ተበላሸ ብትል ማንም አያውቅባትም። አሮጊቷ ወንበራቸውን ያገኛሉ፣ መሳይም ምንም ሳይሰማ ይሄዳል። እውነቱን ብትናገር ግን ወይዘሮ እታለማሁ እሷን ለመግፋት አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈልጉት የነበረውን ምክንያት በገዛ አንደበቷ አስረከበቻቸው፤ መሳይንም አብራ አስረከበች። እኔ ብሆን ሲስተሙን ወንጅዬ እገላገል ነበር፤ እውነቴን ነው። ሲና ግን የአሮጊቷን እጅ አየች። ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ተዘርግቶ ነበር።

«ውሸት ልነግርሽ ነበር» አለች በስልኩ። «ሁለት መንገደኞች ጎን ለጎን አድርጊን ብለውኝ አውቄ ለያየኋቸው። ሰውየውን እወደዋለሁ፤ አብራው የምትሄደው ሙሽራው መስላኝ ነው። እናቱ ናቸው፤ ልባቸውን ሊታከሙ ነው። ለእናንተ የሰጠሁት ወንበር እጁን መያዝ የሚችሉበት የመጨረሻው ወንበር ነው። እለምንሻለሁ፣ ልቀቂላቸው። ምትኩ አንቺና ኢምራንን የሚለያይ ነው፤ አልዋሽሽም።»

ከአፍናን ኋላ ኢምራን ማን ነው ሲል ይሰማል። ለእሱ በአጭሩ ነገረችው፤ ከዚያ ተመልሳ እኛ ገና ብዙ እንሄዳለን፣ ለእናት ስጪያቸው አለቻት። ሲና አመስግና ሦስተኛውን ረድፍ አስለቀቀች። ለጥቂት ሰከንድ ወንበሮቹ የማንም አልነበሩም፤ ሌላ ቢሮ ያለ ሰው ቢቀድማት ያልፍባት ነበር። ትንፋሿን ይዛ ስማቸውን አስገባች። መሳይ። ሩት ገብረየስ። ተቀበለ።

«ይችላሉ፣ እትዬ» አለች። «እጁን መያዝ ይችላሉ።»

ወይዘሮ እታለማሁ ውኃውን አሁን ተጎነጩ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ምሕረትም አይነበብም።

«እኔ መሆኔን ብታውቂ ኖሮስ?»

ሲና ፊት ለፊት አየቻቸው። «አልለያያችሁም ነበር ብዬ አስባለሁ» አለች። «ግን በእርስዎም አዝኜ ነበር፣ እትዬ። ሳያዩኝ ነው የጠሉኝ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እግዜር ይስጥልኝ አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሲና ደረጃው ድረስ ሸኘቻቸውና ክንዷን ዘረጋችላቸው። ክንዷን አዩት፤ ከዚያ ብረቱን ይዘው አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ ሄዱ። ከታች የመኪና በር እስኪዘጋ ድረስ ክንዷ እንደተዘረጋ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ሁሉም ነገር አለቀ አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በቢሮዋ ውስጥ አለቀሰች።

ዓርብ መሳይ አልደወለም። እሷም አልደወለችም፤ ምን ብላ ትጀምራለች?

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርታ ወደ ቀጨኔ ወጣች። እናቷ ግቢው ውስጥ ድስቶቿን ለፀሐይ ታሰልፋለች። ሲና አጠገቧ ተቀመጠች። እናቷ ቀና ብላ አየቻትና ምን ሆንሽ አለቻት፤ ደከመኝ አለች። እናት ልጇ ስትዋሻት ታውቃለች፤ ግን አልገፋቻትም። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሲና ግን ከማንም ጋር አልነበረችም። በረራው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን ላለማየት ትሞክራለች፤ ታየዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኳ ጮኸ። መሳይ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። አምስት ሳምንት ሙሉ ያልሰማችው ድምፅ ሻክሯል።

«እናቴ አሁን ነው ሁሉንም የነገረችኝ» አላት። «ሲና፣ እኔን እንዲያ አድርገሽ አሰብሽኝ?»

«ዝም አልከኝ፣ መሳይ። አምስት ሳምንት ዝም አልከኝ። ዝምታህን የምሞላበት የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ በምፈራው ነገር ሞላሁት።»

«ሐኪሙ ያላትን ለማንም መናገር አልቻልኩም። ከአፌ ከወጣ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ላንቺ ብነግርሽ አለቅስ ነበር፤ እናቴ ፊት ደግሞ ማልቀስ አልቻልኩም።»

«ከእኔ ጋር ታለቅስ ነበር» አለችው።

በመስመሩ ውስጥ የሻንጣ ሣጥን ሲዘጋ፣ አንዲት ሴት ስለ ቀበቶ ስትናገር ይሰማል። መሳይ ይቅርታ አላላትም፤ እሷም አልለመነችውም። የተጎዱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ለመታረቅ የሚበቃ ደቂቃ አልተረፋቸውም። ከዚያ መሳይ ያዢ፣ እናቴ ልታናግርሽ ነው አላት። ሲና ሳታውቀው ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ሲና» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው።

«አቤት፣ እትዬ።»

«እጁን ይዣለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ። ሲነሣ ጆሮዎን ይይዝዎታል፤ ምራቅዎን ይዋጡ። አይፍሩ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ፊት ላይ ሦስት ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር የለም ወይ? ብፈልግ ብፈልግ ሁለት ሁለት ብቻ ነው።»

ሲና ጥያቄው ግራ ገባት። እንደ ሥራዋ ግን መለሰች። «የለም፣ እትዬ። ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ግን ይጠባል፤ እግርም አያዘረጋም።»

«ይጥበብ» አሏት። ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «በደኅና ከተመለስኩ ኢየሩሳሌም ልሳለም ተስያለሁ። ያኔ ከኋላ ያዢልን፤ ለሦስታችን። እኔን መሐል አድርጊኝ።»

ሲና አፏን ከፈተች። በስልኩ ውስጥ አስተናጋጇ ስልክ ይዘጋ ስትል ሰማች፤ ከዚያ መሳይ ስሟን ጀምሮ ሳይጨርሰው ድምፁ ጠፋ። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ፣ በድስቶቹ መሐል እንደቆመች ብዙ ቆየች። «እሺ፣ እትዬ» ያለችው መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነበር።